ሕጉ የአምራቹ፣ ታሪኩ የተጫዋቹ፦ የ«ኔቨርዊንተር ናይትስ» አሠራር

የሚና ጨዋታ በሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ዘርፍ ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ወስዶ በምናባዊ ዓለም ውስጥ ይጓዛል፣ ይዋጋል፣ ይነጋገራል፤ ባለፈበት ፈተና ልክም ገጸ ባሕርይው ከደረጃ ወደ ደረጃ እያደገ ይሄዳል። የዘርፉ መነሻ ግን ኮምፒዩተር ሳይሆን ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ነው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያቀረቡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተሰኘ የጠረጴዛ ጨዋታ በዋናነት ለገዢው የሚሰጠው ታሪክ ሳይሆን ሕግ ነበር፤ ታሪኩን የሚፈጥረው፣ ጭራቆቹን የሚያንቀሳቅሰውና ክርክር ሲነሣ የሚዳኘው ከማኅበርተኞቹ አንዱ ሲሆን፣ እርሱም የጨዋታው መሪ ይባላል። ጨዋታው ወደ ኮምፒዩተር ሲሻገር ማሽኑ የመሪውን ሥራ ተረከበ፤ ዳይሱን መወርወርም ሕጉን ማስከበርም የእርሱ ሆነ። ከሥራው ጋር ግን ታሪክ የመፍጠር መብትም ከተጫዋቹ እጅ ወጥቶ ወደ አምራቹ ኩባንያ ገባ። በ2002 የወጣው «ኔቨርዊንተር ናይትስ» ይህንን መብት ለተጫዋቹ በሰፊው ከመለሱት ጨዋታዎች አንዱ ነው፤ ከ20 ዓመታት በላይ ሳይረሳ የቆየበትም ምክንያት፣ ብዙዎች መካከለኛ ነው ብለው ከሚፈርዱት ከዋናው ታሪኩ ይልቅ፣ ከዚሁ ውሳኔ የሚመነጭ ነው።

ጨዋታውን የሠራው ባዮዌር በካናዳ አልበርታ ክፍለ ሀገር በኤድመንተን ከተማ በ1995 የተመሠረተ ኩባንያ ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ መካከል ሬይ ሙዚካ፣ ግሬግ ዜስቹክና ኦገስቲን ዪፕ በሙያቸው ሐኪሞች ነበሩ። ኩባንያው በ1998 ባወጣውና ስሙን ባስጠራለት «ባልዱርስ ጌት» ውስጥ እያንዳንዱ ሥፍራ በባለሙያዎች አስቀድሞ ተሥሎ ያለቀ አንድ ትልቅ ምስል ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ የሚራመዱትም በዚያ ምስል ላይ ነው። ምስሎቹ ዛሬም ዓይን ይስባሉ፤ ነገር ግን አንድ አዲስ መንደር ለመጨመር የሚሻ አድናቂ የሠዓሊ ችሎታና የወራት ትዕግሥት ስለሚያስፈልገው፣ የራሱን ታሪክ በዚያ ዓለም ውስጥ መትከል እጅግ ይከብደው ነበር።

በ«ኔቨርዊንተር ናይትስ» ይህ ችግር የተፈታው ምድሩን በመቆራረጥ ነው። ኦሮራ የሚል ስም የተሰጠው የጨዋታ ሞተር፣ ማለትም ምስሉን በማያ ገጹ ላይ የሚያሳየው፣ ሕጉን የሚያሰላውና የተጫዋቹን ትእዛዝ የሚቀበለው የፕሮግራም ክፍል፣ ማንኛውንም ሥፍራ 10 ሜትር በ10 ሜትር ከሆኑ ካሬ ቁራጮች ይገጣጥመዋል። አንዱ ቁራጭ የመንገድ መታጠፊያ፣ ሌላው የቤት ጥግ፣ ሦስተኛው የወንዝ ዳር ሊሆን ይችላል፤ ጫፎቻቸው እርስ በርስ እንዲገጥሙ ተደርገው ስለተሠሩም የመሥሪያ ፕሮግራሙ ተጠቃሚው የሚፈልገውን ዓይነት መሬት ሲመርጥ ተስማሚውን ቁራጭ በራሱ ፈልጎ ያስቀምጣል። ትልቁ ሥፍራ 32 በ32፣ በድምሩ 1,024 ቁራጮች ሲኖሩት፣ ይህም በእያንዳንዱ ጎን 320 ሜትር ማለት ነው። ፋይሉ የሚመዘግበው የቁራጩን ምስል ሳይሆን መለያ ቁጥሩን፣ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደዞረ፣ ከፍታውንና የመሳሰለውን ነው፤ ምስሉ ጨዋታውን በገዛ ሰው ኮምፒዩተር ውስጥ አስቀድሞ ተቀምጧልና። በዚህ ምክንያት ሞጁል የሚባለው፣ ሥፍራዎችን፣ ገጸ ባሕርያትንና ንግግሮችን በአንድነት የያዘው የአንድ ታሪክ ጥቅል፣ ብዙዎች በስልክ መስመር ኢንተርኔት በሚጠቀሙበት በዚያ ዘመን እንኳ ያለ ብዙ ችግር ሊላክ የሚችል ትንሽ ፋይል ሆነ። የታሪክ ፈጠራ ከሠዓሊው እጅ ወጥቶ ለጸሐፊው የተመቸው እዚህ ላይ ነው።

መሬቱ ከተዘረጋ በኋላ ዓለሙን የሚያንቀሳቅሰው ስክሪፕት ነው፤ ይህም ከሲ ቋንቋ ጋር በሚቀራረብ የፕሮግራም ቋንቋ የሚጻፍ አጭር የትእዛዞች ስብስብ ሲሆን፣ ያለማቋረጥ ሳይሠራ አንድ የተወሰነ ክስተት እስኪደርስ ይጠብቃል። በር ሲከፈት፣ ጭራቅ ሲሞት፣ ተጫዋቹ መሬት ላይ በማይታይ መስመር የተከለለ ቦታ ሲረግጥ፣ ሞተሩ «ይህ ሆኗል» ብሎ ያስታውቃል፤ ከክስተቱ ጋር የተያያዘው ስክሪፕትም ያን ጊዜ ይነሣል። ከክስተቶቹ አንዱ «የልብ ትርታ» የሚባለው ሲሆን፣ በየ6 ሴኮንዱ፣ ማለትም በጨዋታው ሕግ አንድ የውጊያ ዙር በሚፈጀው ጊዜ፣ በየፍጡሩ ላይ ይደጋገማል። ልምድ የሌላቸው ሠሪዎች ሁሉን ነገር በዚህ ትርታ ላይ መጫን ይቀናቸዋል፤ አንድ ሺህ ፍጡራን ያሉበት ሞጁል በየ6 ሴኮንዱ አንድ ሺህ ስክሪፕት እንዲያስኬድ ሲገደድ ኮምፒዩተሩ መንቀራፈሩ አይቀርም። የሠለጠነው ሠሪ አንድን ነገር ደጋግሞ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ነገሩ ሲሆን እንዲነገረው ያደርጋል።

ንግግርም በዚሁ መንገድ ይሠራል። አንድ ነጋዴ ከተጫዋቹ ጋር የሚለዋወጠው ቃል እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጋ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ «ይህ ይታይ ወይስ አይታይ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ሊንጠለጠል ይችላል። ቅድመ ሁኔታው የሚፈተነው ሞተሩ በሚያስታውሳቸው ተለዋዋጮች ሲሆን፣ ተለዋዋጭ ማለት ስም ተሰጥቶት ቁጥር ወይም ጽሑፍ የሚይዝ የማስታወሻ ቦታ ነው፤ ተጫዋቹ የነጋዴውን ልጅ አድኖ ከሆነ 1፣ ካላዳነ 0 ተብሎ ይመዘገባል። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ሒሳቡ ቶሎ ያይላል። እርስ በርስ የማይነካኩ 10 የ«አዎ» ወይም «አይደለም» ውሳኔዎች ያሉበት ታሪክ 1,024 የተለያዩ መልኮች ሊይዝ ይችላል፤ ውሳኔዎቹ 20 ሲሆኑ ደግሞ ቁጥሩ 1,048,576 ይደርሳል። ለእያንዳንዱ መልክ የተለየ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የለም። ስለዚህ ቅርንጫፎቹ ከአንድ ምዕራፍ በኋላ ተመልሰው በአንድ ግንድ እንዲገናኙ ይደረጋል፤ ልዩነቱም በሰላምታ፣ በዋጋ ቅናሽ ወይም በመጨረሻው ጦርነት ላይ በሚገኝ አጋር ብቻ ይገለጣል። የጸሐፊው ጥበብ የሚለካው ቅርንጫፍ በማብዛት ሳይሆን፣ መገናኛው ለተጫዋቹ እንዳይታወቅ በማድረግ ነው ማለት ይቻላል።

ባዮዌር በ2003 «ሻዶውስ ኦቭ አንድረንታይድ» እና «ሆርድስ ኦቭ ዘ አንደርዳርክ» የተባሉ ሁለት ማስፋፊያዎችን አወጣ። ማስፋፊያ ዋናው ጨዋታ ከሌለ የማይሠራ፣ አዲስ ታሪክና አዲስ ቁሳቁስ የሚጨምር ምርት ሲሆን፣ የእነዚህ ሁለቱ ዋና ክብደት ያረፈው ግን በሕጉ ላይ ነበር፤ በተለይ ሁለተኛው የገጸ ባሕርይን የእድገት ጣሪያ ከ20ኛ ደረጃ ወደ 40ኛ ከፍ አደረገው። የዚህን ውጤት ለመረዳት የዳይሱን ስሌት ማየት ይገባል።

በዚህ ጨዋታ ጥቃት የሚወሰነው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ነው። የወጣው ቁጥር ከአጥቂው የጥቃት ብልጫ ጋር ተደምሮ የተጠቂውን የመከላከያ ቁጥር ከደረሰ ወይም ካለፈ ምቱ ያገኛል፤ 1 ከወጣ ሁልጊዜ ይስታል፣ 20 ከወጣ ሁልጊዜ ያገኛል። እያንዳንዱ ገጽ 5 በመቶ ዕድል አለው። የጥቃት ብልጫው 7 የሆነ ተዋጊ 18 መከላከያ ያለውን ጠላት ለመምታት 11 ወይም ከዚያ በላይ ስለሚያስፈልገው ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ አንድ ነጥብ የሚጨምር ሰይፍ ቢያገኝ 55 በመቶ ይሆናል። ጠላቱ 26 መከላከያ ቢኖረው ግን ዕድሉ 10 በመቶ ብቻ ነበር፤ ያው ሰይፍ ወደ 15 በመቶ ያሳድገዋል። በመጀመሪያው ሁኔታ የምቶቹ ቁጥር በአንድ አሥረኛ፣ በሁለተኛው በግማሽ ጨመረ። አንዲት ነጥብ ይበልጥ የምትጠቅመው ለተቸገረው ነው።

ወደ 40ኛው ደረጃ ሲደረስ ይህ ሥርዓት መለጠጥ ይጀምራል። የተዋጊ መሠረታዊ ብልጫ በ20ኛው ደረጃ 20፣ በ40ኛው 30 ሲሆን፣ የጉልበትና የመሣሪያ ጭማሪ ሲታከልበት ከ40 በላይ ሊሄድ ይችላል። ዳይሱ ግን ያው 20 ገጽ ብቻ ነው። ብልጫው 45 የሆነ ተዋጊ 35 መከላከያ ባለው ላይ የሚስተው 1 ሲወጣ ብቻ ነው፤ 70 ባለው ላይ ደግሞ የሚያገኘው 20 ሲወጣ ብቻ ነው። ዕድል የሚዳኘው በመካከል ባለው ጠባብ መስኮት ውስጥ ነው። ሥርዓቱን በከፊል የሚያድነው ኃያል ተዋጊ በአንድ ዙር አራት ጊዜ መሰንዘር መቻሉ፣ እያንዳንዱ ተከታይ ምትም ከቀዳሚው 5 ነጥብ ማነሱ ነው። ያው ተዋጊ 50 መከላከያ ካለው ባላጋራ ጋር ሲገጥም ምቶቹ በ45፣ በ40፣ በ35 እና በ30 ይሰነዘራሉ፤ የማግኘት ዕድላቸውም 80፣ 55፣ 30 እና 5 በመቶ ይሆናል፤ በአማካይ በአንድ ዙር 1.7 ምት ማለት ነው። ሞጁል የሚሠራ አድናቂ ይህንን ስሌት ካላወቀ፣ የፈጠረው ዘንዶ ወይ በአንድ ዙር ይወድቃል፣ ወይ ፈጽሞ አይነካም። በ«ሶርድፍላይት» ስም የሚታወቁት ተከታታይ የአድናቂ ሞጁሎች በአስቸጋሪነታቸው የሚደነቁት፣ ሠሪያቸው ይህንን ሚዛን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው።

አድናቂዎቹ በተሰጣቸው ቁራጭና ጭራቅ ብቻ አልቆሙም። አዲስ ምስሎችን ሃክ በሚባል ጥቅል አሽገው ከሞጁላቸው ጋር ያያይዙ ጀመር፤ ግጭትም ባልተጠበቀ ቦታ ላይ ተነሣ። ሞተሩ የፍጡራንን መልክ፣ የአስማቶችን ኃይልና የመሣሪያዎችን ዓይነት የሚያነበው ከተራ የጽሑፍ ሠንጠረዦች ሲሆን፣ እያንዳንዱ ነገር የሚታወቀው በስሙ ሳይሆን በረድፉ ቁጥር ነው። ሁለት አድናቂዎች ሳይተዋወቁ አንዱ ግመል፣ ሌላው አንበሳ በአንድ ረድፍ ላይ ቢያስገቡ፣ ሁለቱን ጥቅሎች የሚያዋህድ ሦስተኛ ሰው ከሁለቱ አንዱን ያጣል። መፍትሔው ቴክኒካዊ ብቻ ሳይሆን ማኅበራዊም ነበር፤ የብዙ ሰዎችን ሥራ በአንድ ያሰባሰበ የጋራ የማስፋፊያ ጥቅል ተዘጋጅቶ ረድፎቹ ተከፋፈሉ፣ ሌላውም ሰው ያንን ክፍፍል ማክበር ለመደ። ያልተፈቱም ችግሮች ነበሩ። የምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች እትሞች ለእያንዳንዱ ሆሄ አንድ ባይት ስለሚመድቡ ከ256 በላይ ምልክት አይለዩም፤ በዩኒኮድ ከ300 በላይ ምልክቶች የያዘው የግዕዝ ፊደል ሙሉ በሙሉ ሊገባበት ስለማይችል፣ በአማርኛ ሞጁል የመጻፍ ነገር ከመነሻው በር የተዘጋበት ነበር።

ከሞጁሎቹ መካከል እንደ «አየለንድ ሳጋ» ያሉት በበርካታ ምዕራፎች የተዘረጉ ረጃጅም ዘመቻዎች ናቸው። ሌሎች ደግሞ ፍጻሜ የሌላቸው ዓለማት ሆነው በአድናቂዎች ሰርቨር ላይ ቀን ከሌት ይሠራሉ፤ በእነዚህ ውስጥ ለጨዋታ መሪ ተብሎ የተዘጋጀው ልዩ ፕሮግራም አንድ ሰው በማይታይ አካል እየተዘዋወረ ጭራቅ እንዲያስነሣና በነጋዴው አፍ እንዲናገር ስለሚያስችለው፣ የ1974ቱ መሪ በማሽኑ ውስጥ ተመልሶ ተቀመጠ ማለት ይቻላል። ባዮዌር ራሱ ለጸሐፊነት የሚያመለክቱ ሰዎችን በመሥሪያ ፕሮግራሙ የተሠራ ሞጁል ይጠይቃቸው ነበር። ሞተሩም ከታሪኩ ተነጥሎ የሚቆም በመሆኑ፣ የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት በ2007 ላወጣው «ዘ ዊቸር» እየለወጠና እያሻሻለ ተጠቀመበት።

በአምራቹና በአድናቂው መካከል ያለው ድንበር ምን ያህል ስስ እንደሆነ «ዳርክነስ ኦቨር ዳገርፎርድ» ያሳያል። ኦሲያን ስቱዲዮስ በክፍያ ለሚሸጡ ሞጁሎች ዕቅድ ያዘጋጀው ይህ ሥራ፣ ዕቅዱ ሲቋረጥ በ2006 በነጻ ተለቀቀ፤ በ2018 ግን፣ የባዮዌር ተባባሪ መሥራች የነበረው ትሬንት ኦስተር ይመራው የነበረው ቢምዶግ የጨዋታውን የታደሰ እትም ሲያወጣ፣ ሰፍቶና ተሻሽሎ ለገበያ ቀረበ። የታደሰው እትም ባለሙያዎች የገጠማቸው ግዴታም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ በ2002 የተጻፈ ሞጁል እንዲከፈትላቸው ስለፈለጉ፣ የድሮውን የፋይል ቅርጽና የሠንጠረዦቹን ረድፍ ቁጥር ሳይነኩ አዲሱን ነገር ከጎኑ መጨመር ነበረባቸው።