መዳብ በደም ሲያንስ፣ በጉበት ሲበዛ

የአንድ ጎበዝ ተማሪ የእጅ ጽሑፍ እየተበላሸ፣ እጁም እየተንቀጠቀጠ ቢሄድ ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? ብዙዎች ስንፍና ወይም ጭንቀት ይሉት ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ግን መንሥኤው መዳብ ነው።

ሰውነታችን ያለው መዳብ አንድ አሥረኛ ግራም ገደማ ቢሆንም፣ ያለ እርሱ ሕዋሳት ኃይል ማመንጨት ይሳናቸዋል። ጉበት ከምግብ ከተገኘው መዳብ ከፊሉን ሴሩሎፕላዝሚን ከተባለ ፕሮቲን ጋር አጣምሮ ወደ ደም ይልካል፤ ትርፉን በሐሞት ያስወግዳል። ለዚህ ተግባር የሚያስፈልገው ጂን ከእናትም ከአባትም ጎድሎ ከተወረሰ፣ መዳቡ በጉበትና በአንጎል ይከማቻል። ሐኪሙ ሳሙኤል ኪኒየር ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው በሽታ ይህ ነው።

እንቆቅልሹ ከደም ምርመራው ላይ ነው። በደም ውስጥ ካለው መዳብ 90 በመቶ ያህሉ በሴሩሎፕላዝሚን የተያዘ ነው። በሽተኛው ይህ ፕሮቲን ስለሚያንሰው፣ ጉበቱ በመዳብ ተሞልቶ ሳለ ምርመራው «መዳብ አንሷል» ሊል ይችላል። ያንን ብቻ አይቶ የመዳብ እንክብል መውሰድ በእሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው።

ስለዚህ ሐኪሞች በአንድ ቁጥር አይወሰኑም። ሴሩሎፕላዝሚን በ100 ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም ሲያንስ ይጠራጠራሉ፤ የ24 ሰዓት ሽንትን ይለካሉ፤ በዓይን ኮርኒያ ጠርዝ ቡናማ ቀለበት መኖሩን ያያሉ። እርግዝናና ብግነት ፕሮቲኑን ከፍ ስለሚያደርጉ፣ መደበኛ ውጤትም ሊያዘናጋ ይችላል።

የታማሚው ወንድም ወይም እኅት በበሽታው የመያዝ ዕድል ከ4 አንድ ነው። ምልክት ሳይታይ ተመርምሮ መዳብን የሚያስወግድ መድኃኒት ወይም ዚንክ በየዕለቱ የሚወስድ ሰው ጤናማ ሕይወት ሊኖር ይችላል። መዘግየት ግን ጉበትን፣ አንዳንዴም ሕይወትን ያስከፍላል።