በብዙ እጅ ስለሚጠበቁ የሶፍትዌር ዝርዝሮች

አንድ ተማሪ ለጥናቱ ወይም ለክፍል ሥራው ፕሮግራም ለመጻፍ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚያስቸግረው የምርጫው መብዛት ነው። ከአንድ ሠንጠረዥ ቁጥሮችን አንብቦ ሥዕላዊ መግለጫ ለማውጣት ብቻ እንኳ በነጻ የሚገኙ ብዙ ላይብረሪዎች አሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በየሳምንቱ ይታረማሉ፤ አንዳንዶቹን ደራሲያቸው ከተዋቸው ዓመታት አልፈዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ ከመጀመሪያውም ለሙከራ ያህል የተጻፉ ናቸው። ከውጭ ሲታዩ ግን ሁሉም አንድ ይመስላሉ። በዚህ ጊዜ ተማሪው ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ሌሎች ሰዎች መርጠው ወደ አዘጋጁት ዝርዝር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም እነዚህ ዝርዝሮች እንዴት እንደሚዘጋጁ፣ ማን እንደሚጠብቃቸውና እስከ ምን ድረስ ሊታመኑ እንደሚችሉ መግለጽ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ስንል ኮዱ ለማንም ሰው የሚነበብ፣ በፈቃዱም መሠረት የሚገለበጥ፣ የሚለወጥና እንደገና የሚሠራጭ ሶፍትዌር ማለታችን ነው። ዋጋ አለመጠየቁ ብቻ አይበቃም፤ ወሳኙ ፈቃዱ ነው። ወደዚህ ነጥብ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

ዝርዝር ማዘጋጀት በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ቲም በርነርስ ሊ ዎርልድ ዋይድ ዌብን በፈጠረበት ዘመን፣ በ1991፣ በየዕውቀቱ ዘርፍ የተከፋፈለ ማውጫ ጀምሮ ነበር። በ1994 ሁለት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያሁን የጀመሩት የሚወዷቸውን ገጾች በመዘርዘር ነው። በ1997 ለሶፍትዌር ብቻ የቆመው ፍሬሽሚት ተከፈተ። በ1998 የተመሠረተውና ዲሞዝ በሚል ስም የታወቀው ማውጫ ደግሞ የምርጫውን ሥራ በሙሉ ለበጎ ፈቃደኞች ሰጠ፤ በዕድሜውም ዘመን ከ90 ሺህ በላይ አርታዒዎች ተሳትፈውበታል። ዳሩ ግን ፍሬሽሚት ስሙን ከለወጠ በኋላ በ2014 መታደሱን አቆመ፤ የያሁ ማውጫም በዚያው ዓመት፣ ዲሞዝም በ2017 ተዘጉ።

ለመዘጋታቸው አንዱ ምክንያት የፍለጋ ሞተሮች መሻሻል ነው። ሁለተኛው ግን ከአሠራራቸው የመጣ ይመስለኛል። በዲሞዝ ላይ አንድ አንባቢ የተሳሳተ ወይም የሞተ ገጽ ቢያገኝ ጥያቄ አቅርቦ የአርታዒውን ፈቃድ መጠበቅ ነበረበት። አርታዒው ሥራውን ትቶ ሄዶ ከሆነ ጥያቄው በዚያው ተቀብሮ ይቀራል፤ ለምን እንደ ቀረም አንባቢው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ይህን ሁኔታ የለወጠው ለሌላ ዓላማ የተሠራ መሣሪያ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 የሊኑክስን ኮድ ለመቆጣጠር ጊት የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ። ጊት በአንድ ማኅደር ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን መስመር ማን፣ መቼና በምን ምክንያት እንደ ለወጠው ይመዘግባል። በ2008 የተከፈተው ጊትሃብ ደግሞ እነዚህን ማኅደሮች በአደባባይ አስቀመጣቸው። ቀስ በቀስም ሰዎች አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ይኸውም በማኅደሩ ውስጥ የሚቀመጠው የግድ ኮድ መሆን እንደማያስፈልገው ነው። ተራ ዝርዝር ቢቀመጥበትም አሠራሩ ያው ነው። አንባቢው የዝርዝሩን ቅጂ ወስዶ አንድ መስመር ይጨምራል ወይም ይሰርዛል፤ ከዚያም ለውጡ እንዲገባለት ለጠባቂዎቹ ጥያቄ ይልካል። ጠባቂዎቹ ከሌላው አንባቢ ጋር በይፋ ይወያዩበታል፤ ይቀበሉታል ወይም ይመልሱታል። የተመለሰውም ጥያቄ ከነምክንያቱ ለማንም ይታያል። ለእኔ ከዝርዝሩ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጠቅመኝ ይኸው ክርክር ነው።

ከእነዚህ ዝርዝሮች በጣም የታወቁት ኦሰም በሚል ቃል የሚጀምሩት ናቸው፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ «እጅግ ድንቅ» እንደ ማለት ነው። በመጀመሪያ ለፒኤችፒ ቋንቋ የተዘጋጀ ዝርዝር በዚህ ስም ወጣ፤ የፓይተን ቋንቋ ዝርዝርም ያንን አርአያ አድርጎ ተከተለ። በ2014 ሲንድሬ ሶርሁስ የተባለ ኖርዌያዊ የፕሮግራም ጸሐፊ የዝርዝሮች ዝርዝር አዘጋጀ፤ ዛሬ ይህ ማኅደር ከ300 ሺህ በላይ ኮከቦች ተሰጥተውታል። ለመግባት የወጣው ደንብ ጥብቅ ነው። አዲስ ዝርዝር ለመቀበል ቢያንስ 30 ቀን የሞላው መሆን አለበት። አቅራቢው ራሱ ወይም ሌላ ተባባሪ በግሉ የሚመሰክርለትን ነገር ብቻ እንዲያስገባ ይታዘዛል፤ ሲጠራጠርም ማስገባቱን ትቶ እንዲያስቀር ይመከራል። የራሱን ጥያቄ ከማቅረቡ በፊትም የሌሎችን ሰዎች ሁለት ጥያቄዎች መመርመር ይጠበቅበታል። ደንቡን እስከ መጨረሻ ማንበቡን ለማረጋገጥ ደግሞ በደንቡ ውስጥ የተቀመጠችውን አንዲት ቃል መልሶ እንዲጽፍ ይደረጋል፤ ቃሏም ባለ አንድ ቀንዱ ተረታዊ ፈረስ ስም ናት። ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ሳያነብ የሚልክን ሰው ወዲያው ትለያለች።

ሁሉም ዝርዝሮች እንዲህ ያለ ጥበቃ የላቸውም። በራስ ሰርቨር ላይ ሊተከሉ የሚችሉ ፕሮግራሞችን የያዘው ኦሰም ሰልፍሆስትድ የተባለው ዝርዝር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ፕሮግራም እዚያ ለመመዝገብ ፈቃዱ ነጻ፣ ጠባቂም ያለው፣ ከመጀመሪያ እትሙም ከአራት ወር በላይ ያለፈው መሆን ይገባዋል። የአራቱ ወር ደንብ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ብዙ ፕሮግራሞች በሞቀ ስሜት ተጀምረው ሳይሰነብቱ ይተዋሉ። በ2023 ደግሞ ጠባቂዎቹ አንዱን ረጅም ጽሑፍ ትተው ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የተለየ መዝገብ አዘጋጁ፤ የሚነበበው ዝርዝር ከእነዚህ መዝገቦች በማሽን ይወጣል። በዚህም የተነሣ የሞቱ አድራሻዎችን በፕሮግራም መመርመር ቀላል ሆነ።

የሞቱ አድራሻዎች ነገር ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም በ2024 ባወጣው ጥናት በ2013 ከነበሩት ድረ ገጾች 38 ከመቶ የሚሆኑት ከአሥር ዓመት በኋላ ሊገኙ አልቻሉም። ስለዚህ አንድ ዝርዝር ማንም ባይነካው እንኳ በራሱ ይበላሻል። በነጻ የሚገኙ የፕሮግራሚንግ መጻሕፍት ዝርዝር ታሪክ ይህን ያስረዳል። ዝርዝሩ የተወለደው ስታክ ኦቨርፍሎው በተባለው የጥያቄና መልስ መድረክ ላይ ለቀረበ ጥያቄ እንደ መልስ ሆኖ ነው። በ2013 ወደ ጊትሃብ የተዛወረው ብዙ ሰዎች በአንድነት እንዲያድሱትና እንዲጠብቁት ተብሎ ነው፤ ዛሬ ጥበቃው በፍሪ ኢቡክ ፋውንዴሽን ሥር ነው። መጻሕፍቱም በሚጻፉበት የሰው ቋንቋ ተከፋፍለዋል።

ክፍት በር መሆኑ የራሱን ጣጣ አምጥቷል። በ2020 ጥቅምት ወር፣ በሃክቶበርፌስት ዘመቻ ወቅት፣ የተወሰነ ቁጥር ያላቸውን የማሻሻያ ጥያቄዎች ለሚልክ ሰው ካናቴራ ይሰጥ ነበር። አንድ ቪድዮ ይህ እንዴት በቀላሉ እንደሚገኝ ካሳየ በኋላ በብዙ ማኅደሮች ላይ ፍሬ ቢስ ጥያቄ ዘነበ፤ በርዕሱ ላይ «ድንቅ ፕሮጀክት» የሚል ቃል ጨምሮ መላክ የተለመደ ሆነ። አዘጋጆቹም በዚያው ሳምንት ደንቡን ለውጠው ዘመቻው በፈቀዱ ማኅደሮች ላይ ብቻ እንዲሆን አደረጉ። እያንዳንዱን ጥያቄ አንብቦ የሚዘጋው ግን ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሰው ነበር። ካናቴራው ለላኪው፣ ድካሙ ለጠባቂው መሆኑ ነው።

ኮከቦችንም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል። ኮከብ መስጠት አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ስለሆነ አንድ ሰው ፕሮግራሙን ሳይሞክር ሊሰጥ ይችላል፤ በ2024 የወጣ ጥናትም በሚሊዮን የሚቆጠሩ አጠራጣሪ ኮከቦች በጊትሃብ ላይ እንዳሉ ገልጿል። በገንዘብም ይሸጣሉ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ባለፈው ዓመት ለአንድ የክፍል ሥራ ከአንድ ትልቅ ዝርዝር ላይብረሪ መርጦ ነበር፤ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። በዝርዝሩ ላይ ቀድሞ የተጻፈው እርሱ ነበር፤ ኮከቡም ብዙ ነው። ሁለት ሳምንት ከደከመ በኋላ ያጋጠመው ስሕተት ከሦስት ዓመት በፊት በሌሎች ሰዎች ተጠቁሞ መልስ ሳያገኝ መቅረቱን ተረዳ። ዝርዝሩን ገልጦ ሲመለከትም ያ መስመር ከገባበት ቀን ጀምሮ ማንም አልነካውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የሚያደርገው ነገር አለ። በመጀመሪያ የዝርዝሩን ታሪክ ከፍቶ የተሰረዙትን መስመሮች ይመለከታል፤ ጨምሮ ጨምሮ ምንም የማይሰርዝ ዝርዝር ጠባቂ የለውም ብሎ ይወስዳል። ቀጥሎ ወደ ላይብረሪው ራሱ ሄዶ የመጨረሻው እትም የወጣበትን ቀንና ያልተመለሱትን ጥያቄዎች ያነባል። ይህ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል።

በመጨረሻ ስለ ፈቃድ። ለአማርኛ የሚሆኑ ክፍት ሥራዎች ጥቂት አይደሉም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በወጣው በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ከገባ ወዲህ አቢሲኒካን የመሰሉ የፊደል ቅርጾች በክፍት ፈቃድ ተሠራጭተዋል፤ በማይክል ጋሰር የተዘጋጀው ሆርንሞርፎ ደግሞ የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት ወደ ሥራቸውና ወደ ቅጥያቸው ይተነትናል። ከእነዚህ ሌላ ግን ብዙው ሥራ በየተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍና በየግል ማኅደሩ ተበታትኖ ይገኛል። ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ ለዓይን ክፍት ቢሆንም በቅጂ መብት ሕግ የደራሲው ብቻ ነው፤ ሌላ ተማሪ በሥራው ውስጥ ሊያስገባው መብት የለውም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለራሱ የሚይዘው የአማርኛ መሣሪያዎች ዝርዝር አሥራ ዘጠኝ መስመር ደርሶ ነበር፤ ፈቃዳቸውን አንድ በአንድ ከተመለከተ በኋላ ሰባቱን አውጥቷቸዋል። ለደራሲዎቻቸው ጽፎላቸው ሁለቱ በዚያው ቀን ፈቃዱን ጨምረዋል፤ የአምስቱን መልስ እየጠበቀ ነው።