ስለ ጎዳና ልጆች የምናምነውና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና መብራት ይዞት ሲቆም መስኮት የሚያንኳኳ ልጅ አይጠፋም። ወይ ሳንቲም እንሰጠዋለን፣ ወይ መስታወቱን እንዘጋለን። እነዚህን ልጆች ከጎዳና የሚያነሱ ድርጅቶችን ስለ መደገፍ ሲነሳ ግን ብዙዎቻችንን ወደ ኋላ የሚይዙ እምነቶች አሉ።

ተረት፦ የጎዳና ልጅ ወላጅ የሌለው ነው።

እውነታ፦ ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ አላቸው። ከቤት የሚያስወጣቸው ድህነት፣ ዱላ፣ የወላጆች መለያየት ወይም ከእንጀራ አባትና እናት ጋር አለመስማማት ነው። «አዲስ አበባ ሥራ አለ» የሚል ጓደኛ ተከትለው ከክፍለ ሀገር መጥተው አውቶቡስ ተራ የሚወርዱም አሉ። ቀን ሊስትሮ ሠርቶ ወይም ሶፍት ሸጦ ማታ ቤቱ የሚገባው ልጅና በረንዳ የሚያድረው ልጅ የሚሹት እርዳታም አንድ አይደለም።

ተረት፦ ማስቲሽ የለመደ ልጅ አይመለስም።

እውነታ፦ ልጆቹ ማስቲሽ የሚስቡት ረሃብና ብርድ ስለሚያስረሳቸው ነው። ኬሚካሉ አንጎልን ክፉኛ ይጎዳል። ቢሆንም ማደሪያ፣ ምግብና የሚያምኑት ሰው ያገኘ ልጅ ሊተወው ይችላል።

ተረት፦ እጁ ላይ ሳንቲም ማኖር ይሻላል።

እውነታ፦ ሳንቲሙን ማታ ትልልቆቹ ሊነጥቁት ይችላሉ፤ ቢተርፈውም ቡሌ (ትርፍራፊ ምግብ) ገዝቶበት ያድራል፤ ነገም እዚያው ነው። ሆፕ ኢንተርፕራይዝ ለዚህ ብልሃት ያበጀ ድርጅት ነው፦ መንገደኛው የምግብ ኩፖን ገዝቶ ለሚለምነው ይሰጣል፤ ተቀባዩ በኩፖኑ ድርጅቱ ዘንድ ይመገባል። ይህም ቢሆን የሚያስታግሰው የዕለቱን ረሃብ ነው።

ተረት፦ ትኬት ቆርጦ ወደ አገሩ መላክ ይበቃል።

እውነታ፦ ያስወጣው ምክንያት ካልተፈታ ልጁ ተመልሶ ይመጣል። ሥራውን የሚያውቁ ድርጅቶች መጀመሪያ ልጁን ተቀብለው ያሳርፉታል፤ ገላውን ይታጠባል፣ ይታከማል፣ ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ይነጋገራል። እውነተኛ ስሙንና ቀበሌውን እስኪናገር ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ከዚያ ሠራተኛው መንደሩ ድረስ ይዞት ይሄዳል፤ ስለ ዱላው ከወላጆቹ ጋር ይነጋገራል፤ ትምህርት ቤት ያስመዘግበዋል፤ ቤተሰቡ ከተቸገረ ለአነስተኛ ንግድ መነሻ ይፈለጋል። ከወራት በኋላም ተመልሶ ይጠይቃቸዋል። ቤቱ መመለስ ለማይችል ልጅ ዘመድ ወይም አሳዳጊ ቤተሰብ ይፈለጋል።

ተረት፦ ለድርጅት የሚሰጥ ገንዘብ በደመወዝ ያልቃል።

እውነታ፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ልጁን አገሩ ድረስ የሚያደርሰው ሠራተኛ ደመወዝና የትራንስፖርት ወጪው ግን ብክነት አይደለም፤ ያ ሰው ከሌለ ልጁን ቤቱ የሚያደርሰው የለም።

ስለዚህ ከመስጠትዎ በፊት ይጠይቁ። ድርጅቱ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ተመዝግቧል? ቤቱ የተመለሰውን ልጅ ለምን ያህል ጊዜ ይከታተለዋል? የልጆችን ፊት ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ያወጣል? መልሱ ካረካዎት፣ ትንሽም ብትሆን በየወሩ የማትቋረጥ መዋጮ ይስጡ። ክትትሉ ወራት ስለሚፈጅ፣ ለበዓል ብቻ ከሚሰጥ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ይልቅ የምትጠቅመው እሷ ናት።