ከፓነሉ ጀርባ የተጻፈው ምንድን ነው?

የሶላር ፓነል የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ “ስንት ዋት ነው?” ሻጩ ቁጥሩን ይነግረዋል፣ ዋጋው ይጠራል፣ ክርክሩ ይጀመራል። ፓነሉን ገልብጦ ከጀርባው የተለጠፈውን መለያ የሚያነብ ጥቂት ነው። ቢያነብም የሚያገኘው ነገር እንደ ፓነሉ ይለያያል። አንዱ መለያ ላይ አሥራ ሁለት ዓይነት መረጃ ሰፍሮ ሲገኝ ሌላው ላይ አራት ብቻ ነው ያለው። “ማክስ ቮልቴጅ” የሚል ጽሑፍ በአንዱ ላይ ፓነሉ ከፍተኛ ኃይል ሲሰጥ ያለውን 41 ቮልት ሲያመለክት፣ በሌላው ላይ ደግሞ በተከታታይ የተቀጠሉ ፓነሎች በድምሩ ሊያልፉት የማይገባውን 1,000 ቮልት ያመለክታል። ስሙ አንድ፣ ነገሩ ሁለት ማለት ነው።

ይህ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ጣጣ እንጂ የእኛ አይደለም የሚሉ ይኖራሉ። በእኔ እምነት ግን ነገሩ ከሁሉ በፊት የውል ጉዳይ ነው። በፓነል ንግድ ገዥው የሚገዛው ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው፤ መስተዋቱንማ ዓይኑ ያየዋል። ቁጥሩ በአንድ ወጥ መልክ ካልተጻፈ ማን ምን እንደሸጠ፣ ማንስ ምን እንደገዛ በኋላ ማስረዳት አይቻልም።

ጉዳዩ ትንሽም አይደለም። የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 35 በመቶ ለሚሆነው ሕዝብ መብራት እንዲደርስ ያቀደው ከዋናው መስመር ውጭ በሆኑ ዘዴዎች ሲሆን፣ ከእነዚህ ዋነኛው ሶላር ነው። በከተማም ቢሆን መብራት ሲጠፋ ላለመቸገር ጣሪያው ላይ ፓነል ያሰቀለ ሆቴል፣ ክሊኒክና መኖሪያ ቤት እየበዛ ነው። ይህን ሁሉ የሚገጥሙት በአብዛኛው ትልልቅ ኩባንያዎች ሳይሆኑ በሙያቸው የሚያድሩ ኤሌክትሪሺያኖች ናቸው። (“ገጣሚ” ብላቸው ባለቅኔዎቹ እንዳይቀየሙኝ ሰግቻለሁ፤ ሆኖም ሌላ ቃል ስላጣሁ በዚሁ ልቀጥል።)

በመጀመሪያ “400 ዋት” ምን ማለት እንደሆነ እንይ። ይህ ቁጥር በቤተ ሙከራ የተለካ ነው። የብርሃኑ መጠን በካሬ ሜትር 1,000 ዋት፣ የፓነሉ ሴል ሙቀት 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ማለት ነው። ልብ ይበሉ፤ 25 ዲግሪ የተባለው የአየሩ ሙቀት አይደለም፤ የፓነሉ የራሱ ገላ ሙቀት ነው። ፓነል በፀሐይ ሲመታ ከአየሩ በላይ ይሞቃል። ሰመራ ላይ አየሩ 40 ዲግሪ ሲሆን ፓነሉ 65 ቢደርስ የሚገርም አይደለም። በዛሬው ገበያ ያለው የሲሊከን ፓነል በእያንዳንዱ ዲግሪ ጭማሪ ከኃይሉ ወደ 0.35 በመቶ ያጣል። ከ25 እስከ 65 ያለው ልዩነት 40 ዲግሪ ነውና 14 በመቶው ይጠፋል፤ 400 የተባለው ፓነል 344 ዋት ይሰጣል። ማንም አላጭበረበረም፤ ነገር ግን 0.35 የምትለው ቁጥር ወረቀቱ ላይ ከሌለች ገጣሚው ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

ሙቀት ኃይል ከመቀነስ አያልፍም። ብርድ ግን ዕቃ ያቃጥላል። ይህን የተማርኩት አንድ የደብረ ብርሃን ገጣሚ ምክር ፈልጎ ቢሮዬ በመጣ ጊዜ ነው። ለአንድ ፔንሲዮን ሦስት ፓነሎችን በተከታታይ ቀጥሎ ከቻርጅ ኮንትሮለር ጋር አገናኝቷል። ኮንትሮለሩ የሚችለው እስከ 150 ቮልት ነው። እያንዳንዱ ፓነል ምንም ሳይገናኝበት የሚያሳየው ክፍት ቮልቴጅ 49 ነው ተብሎ ተጽፏል። ሦስት ጊዜ 49፣ 147። ከ150 በታች ስለሆነ ልቡ አረፈ። በታኅሣሥ አንድ ማለዳ፣ ውርጩ ገና ሳይለቅ ፀሐይዋ ጥርት ብላ ወጣች፤ ኮንትሮለሩም ተቃጠለ። ሻጩ “የአንተ አገጣጠም ነው” ብሎ አሰናበተው። “ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የደመርኩት” አለኝ።

የደመረው ትክክል ነበር። ያልተነገረው ነገር ግን ነበር። የፓነል ቮልቴጅ በብርድ ይጨምራል። የአምራቹን ሙሉ መረጃ በኋላ ከኢንተርኔት ስናወጣ ቮልቴጁ ከ25 በታች በሚወርድ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.28 በመቶ እንደሚያድግ አገኘን። ፓነሉ 3 ዲግሪ ላይ ሲሆን ልዩነቱ 22 ዲግሪ ነው፤ ጭማሪው ከ6 በመቶ ጥቂት ያልፋል፤ 147ቱ ወደ 156 ይወጣል። ሻጩ የሰጠው አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይህ ቁጥር አልነበረም። ገጣሚ ብርድ ቮልቴጅን እንደሚጨምር ማወቅ አለበት ቢባል እስማማለሁ፤ ሙያው ነው። በምን ያህል እንደሚጨምር ግን ከአምራቹ በቀር ማንም ሊነግረው አይችልም። ጉዳዩ በሽምግልና አለቀ፤ ኪሳራውን ግማሽ ግማሽ ተካፈሉ። ፍትሕ ነው ለማለት ግን ይቸግረኛል።

ከዚህ የሚለየው ደግሞ ለይቶለት ውሸት የሆነው ነው። 200 ዋት የሚል ተለጥፎበት ርዝመቱ 1.20 ሜትር፣ ስፋቱ 54 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፓነል ቢያጋጥምዎ ሜትር አውጥተው ያባዙ። ስፋቱ ከ0.65 ካሬ ሜትር አይበልጥም። በቤተ ሙከራው ብርሃን 650 ዋት ያህል ይወርድበታል ማለት ነው። በገበያ ያሉ ጥሩ ፓነሎች ከሚቀበሉት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት 22 በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ ይህ ፓነል ቢበዛ 143 ዋት ቢሰጥ ነው። ልኩ በወረቀቱ ላይ ከዋቱ ጎን ቢጻፍ ውሸቱ ራሱን በራሱ ያጋልጥ ነበር።

በባትሪም ያው ነው። “200 አምፔር ሰዓት” የተባለ የእርሳስ ባትሪ በመቶ ሰዓት ውስጥ በዝግታ ሲራገፍ ነው ወይስ በአሥር ሰዓት? በፍጥነት ሲራገፍ የሚሰጠው በግልጽ ያንሳል። ኢንቨርተሩ ላይ የተጻፈው 5,000 ዋት ለጥቂት ሰከንድ የሚችለው ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ?

ሌላው ዓለም ይህን ችግር አይቶታል። የአውሮፓ የደረጃ ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2003 ኢኤን 50380 የተባለ ደረጃ አወጡ፤ የፓነል መረጃ ወረቀትና ከጀርባ የሚለጠፈው መለያ ምን ምን መያዝ እንዳለባቸው የሚወስን ሲሆን በ2017 ተሻሽሏል። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን፣ ማለትም አይኢሲ፣ በ61730 ቁጥር ባወጣው የደኅንነት ደረጃም የመለያ ጽሑፍ ግዴታ ነው። በካሊፎርኒያ የኢነርጂ ኮሚሽኑ የፓነሎችን ዝርዝር በየሞዴላቸው ይፋ አድርጎ ይይዛል። እኔን ከሁሉ የማረከኝ ግን ከኔዘርላንድስ ተነሥቶ የተስፋፋው ኢቲም የተባለው ዘዴ ነው። ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነትና ለእያንዳንዱ ባሕርይ ቋሚ ኮድ ይሰጣል። ስሙ በደችም ተጻፈ በጀርመንኛ፣ ኮዱ አንድ ስለሆነ ሰው ተሳሳተ አልተሳሳተ ኮምፒዩተሩ አይሳሳትም። አማርኛን የመሰለ የቴክኒክ ቃላቱ ገና ያልረጉ ቋንቋ ላለው አገር ከዚህ የሚሻል ትምህርት ያለ አይመስለኝም።

እኛም ከባዶ አንጀምርም። ላይቲንግ ግሎባል የተባለው የዓለም ባንክ ቡድን ፕሮግራም ለትናንሽ የሶላር መብራቶችና የቤት ስብስቦች የጥራት ፈተና ዘርግቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሥራው ቬራሶል በሚባል ስም ቀጥሏል። ፈተናውን ያለፈ እያንዳንዱ ምርት አንድ ወጥ ቅርጽ ያለው የመረጃ ወረቀት ይወጣለታል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው በቤተ ሙከራ ከተለካው ጋር መስማማት አለበት። ችግሩ ይህ ጥበቃ አንድ ላይ ታሽገው ለሚሸጡ፣ አቅማቸውም ውስን ለሆነ ስብስቦች የታሰበ መሆኑ ነው። ገጣሚው ፓነሉን ከአንዱ ሱቅ፣ ባትሪውን ከሌላው፣ ኢንቨርተሩን ከሦስተኛው ለቃቅሞ ሲያገናኝ ወረቀቱ አይከተለውም። መብራት ብቻ የሚያበራው ምርት ወረቀት አለው፤ የክሊኒክ ማቀዝቀዣ የሚሸከመው የለውም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ጥሩ ነው። ነገር ግን አዋጁ “ሸማች” የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ የተፈጥሮ ሰውን ነው። መልሶ የሚሸጥ ሰው ሸማች አይደለም። እንግዲህ ፓነሉን ገዝቶ፣ ገጥሞ፣ ዋጋውን ከደንበኛው የሚቀበለው ገጣሚ የት ይግባ? ኩባንያውስ? ቤተ ክርስቲያኑስ? መረጃው ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ሰው ከጥበቃው ደጃፍ ውጭ ቀርቷል።

የሚቀርለት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት የጸዳ ለመሆኑ ዋስ ነው። ገዥውም በበኩሉ ዕቃውን በተቻለው ፍጥነት መርምሮ ጉድለቱን ማስታወቅ አለበት፤ ካስታወቀም በኋላ ክስ የሚያቀርብበት ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ይህ ድንጋጌ ለእህልና ለበሬ ይመቻል። ፓነልን ግን በምን ትመረምረዋለህ? የሚለካበት መሣሪያ በየሱቁ የለም። ተራ ገዥ ሊያደርገው የሚችለው ብቸኛ ምርመራ መለያውን ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት ነው። ወረቀቱ ከሌለ ምርመራው የለም፤ “ከውሉ ጋር አይስማማም” ለማለትም ውሉ ምን እንደነበረ የሚናገር ነገር የለም። ፓነሉ 25 ዓመት ዋስትና አለው ሲባል የምንሰማውም የአምራቹ ቃል ነው። ተከታታይ ቁጥሩ ካልተመዘገበና ዋስትናውን አዲስ አበባ ላይ የሚቀበል ሰው አድራሻው ካልተጻፈ ጌጥ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት የአንድ ገጽ አስገዳጅ ቅርጽ ያውጣ። በአንድ ቅደም ተከተል፣ በአንድ ስያሜ፣ በአማርኛና በክልሎች የሥራ ቋንቋ፣ ዓለም አቀፉ ምልክት ከጎኑ ሆኖ። ዋቱና የመለኪያው ሁኔታ፣ ቮልቴጁና አምፔሩ፣ ሙቀትና ብርድ የሚያመጡት ለውጥ፣ የሚፈቀደው ትልቁ የመስመር ቮልቴጅና የፊውዝ ልክ፣ ቁመትና ወርድ፣ ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር፣ የዋስትናው ዘመንና የአገር ውስጥ ተጠያቂው። አስመጪው ሞልቶ ይፈርም፤ ቅጂው በሞዴል ቁጥር ተፈልጎ የሚገኝበት መዝገብ ይኑር።

ወጪ ይጨምራል የሚሉ አስመጪዎች አሉ። አልተቀበልኩትም፤ የታወቁ አምራቾች ይህን ሁሉ ዛሬም በነጻ ያወጣሉ፤ ሥራው መገልበጥ ነው። ሌላ ማኅተም፣ ሌላ ደጅ ጥናት ይመጣብናል የሚለው ስጋት ግን የእኔም ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ፈቃድ አይሁን። ማንም ባለሥልጣን አያጽድቀው። አስመጪው የማያውቀውን መስመር ባዶ ይተወው፤ ገዥ ባዶውን አይቶ ይወስን። የሞላውን ግን ውሸት ሆኖ ቢገኝ ለገዥውም ለገጣሚውም በቀጥታ ይጠየቅበት። የዘርፉ ተቆጣጣሪ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ለገጣሚዎች በሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫም ይህን ወረቀት ማንበብ መቻል አንድ ፈተና ቢሆን ደግ ነው።

እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለው ደረሰኙ ነው። ሶላር የምታስገጥሙ የቢሮና የሆቴል ኃላፊዎች፣ የፓነሉን ሞዴል፣ ክፍት ቮልቴጁንና የሙቀት ለውጡን ቁጥር ሻጩ በእጁ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎበት የውሉ አባሪ ይሁን። ገጣሚያችሁም ስሌቱን ከመነሻው የብርድ መጠን ጋር በጽሑፍ ያስቀምጥ። ሻጩ “ይህን ቁጥር አላውቀውም” ካለ ሌላ ሱቅ ይሞከር።