የአየር ንብረት ለውጥና የወይን ልማት፦ ችግኝ ከመትከላችሁ በፊት

ለቆሼና አካባቢው ሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ



ከቆሼ በታች፣ በዝዋይ (ባቱ)፣ የካስቴል የወይን እርሻ እንዳለ ታውቃላችሁ። ሜርሎ፣ ሲራህ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉ የፈረንሳይ ዝርያዎች ተተክለውበት፣ የመጀመሪያው ወይን ጠጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ቀርቧል። ይህን አይቶ «እኛስ ከበርበሬው ጎን በመስኖ መሬታችን ወይን ብንተክል?» ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው፤ ለመጠጥም ሆነ እንዲሁ ለሚበላ ፍሬ።

ነገር ግን በርበሬ የአንድ ዓመት ሰብል ነው። ዘንድሮ ቢከስር ለከርሞ ሌላ ትዘሩበታላችሁ። ወይን አንዴ ከተተከለ 20 እና 30 ዓመት መሬቱን ይይዛል። ዛሬ የምትተክሉት ወይን ልጆቻችሁ በሚያርሱበት ዘመን ያለውን ሙቀትና ዝናብም መቻል አለበት ማለት ነው።

ሀ. ሙቀት ወይንን ምን ያደርገዋል?

የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጨምሯል። ይህ ቁጥር ትንሽ ቢመስልም ለወይን ትንሽ አይደለም። በፈረንሳይ ቦን በተባለች ከተማ የወይን ለቀማ ቀን እ.ኤ.አ. ከ1354 ጀምሮ ተመዝግቧል፤ ከ1988 ወዲህ ለቀማው ከቀድሞው በአማካይ 13 ቀን ያህል ቀድሟል።

ሙቀት ሲበዛ ፍሬው ስኳር ቶሎ ይሞላል፤ ኮምጣጣነቱ ግን ቶሎ ይጠፋል። ቀለሙና መዓዛው በደንብ እንዲወጣ ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ይፈልጋል። ጠጅ የሚጥል ሰው እንደሚያውቀው ጣፋጩ ሲበዛ መጠጡ ይበረታል፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ፍሬ የሚወጣው ወይን ጠጅም አልኮሉ የከረረ፣ ጣዕሙ የደበዘዘ ይሆናል። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ቅጠሉ ምግብ መሥራቱን ይቀንሳል፤ የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ዘለላም ይቃጠላል።

ዝዋይ ከባሕር ጠለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፤ ወይኑን የጠቀመውም ይህ ነው። ቆሼ ከዝዋይ ከፍ ስለምትል በዚህ በኩል የተሻለ ዕድል አላት።

ለ. የዝናብ መዛባት

በፈረንሳይ ወይን በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ያርፋል። በእኛ አገር ያ ብርድ ስለሌለ ወይኑን የሚቀሰቅሰው ግርዛት ነው። ከግርዛት እስከ ለቀማ እንደ ዝርያውና እንደ ሙቀቱ ከ4 እስከ 5 ወር ገደማ ይፈጃል። በመስከረም አጋማሽ የተገረዘ ወይን በጥር መጨረሻ ገደማ ይደርሳል፤ አበባውም ፍሬውም በደረቁ ወራት ያልፋል።

ችግሩ ክረምቱ እስከ ጥቅምት ሲዘልቅ ወይም በልጉ ቀድሞ ሲገባ ነው። አበባ ላይ የሚዘንብ ዝናብ ፍሬ መያዝን ይቀንሳል፤ እርጥብ ቅጠል ሻጋታ ይይዘዋል። ሊለቀም በደረሰ ዘለላ ላይ ሲዘንብ ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ይበሰብሳል። በርበሬ በማድረቂያ ላይ እያለ ዝናብ ያገኘው አርሶ አደር ይህን ኪሳራ ያውቀዋል።

ሐ. ውሃ

በበጋ የሚያፈራ ወይን የሚኖረው በመስኖ ነው። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ከአፈሩም ከቅጠሉም የሚተነው ውሃ ይጨምራል። ወደ ደምበል (ዝዋይ) ሐይቅ የሚገባው የመቂ ወንዝ የሚነሳው ከጉራጌ ተራሮች ነው፤ ከላይ እስከ ታች ብዙ ሰው በሞተር ይስበዋል። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ የአንዳንድ ጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ነው። ጨዋማ ውሃ በሙቀት ሲተን ጨዉ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ ወይን ይህን ብዙ አይችልም።

መ. ምን ማድረግ ይገባል?

1. የጉድጓድ ወይም የወንዝ ውሃችሁ መጋቢት ላይ ምን ያህል እንደሚቀንስ ለኩ። ጨዋማነቱንም አስመርምሩ። ውሃው በበጋ የሚቋረጥ ከሆነ ወይን አትትከሉ።
2. ግርዛትን ከለቀማ ቀን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ወስኑ። የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያን ከልማት ጣቢያ ሠራተኛችሁ ጠይቁ።
3. ረድፉን ከሰሜን ወደ ደቡብ ዘርጉት። በምሥራቅ በኩል ቅጠል አሳስታችሁ አየር አስገቡ፤ በምዕራብ በኩል ያለውን ተዉት፣ ዘለላውን ከከሰዓት ፀሐይ ይከልላል።
4. ከሥሩ ጉዝጓዝ አልብሱ። ከተቻለ የጠብታ መስኖ ተጠቀሙ፤ ውሃ ይቆጥባል፣ ቅጠልም አያረጥብም።
5. በተፋሰሱ የእርከን ሥራን አታቋርጡ። ተዳፋቱ ላይ የሰረገ ዝናብ የጉድጓዳችሁን ውሃ ይደግፋል።
6. ችግኝ ከታወቀና ከበሽታ ነፃ ከሆነ ምንጭ ብቻ ውሰዱ። ፍሬውን ማን እንደሚገዛ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።
7. በርበሬውን ነቅላችሁ አትጀምሩ። በማሳችሁ ጥግ ወይም በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል ጥቂት እግር ሁለት ሦስት ዝርያ ሞክሩ። ጥሩ ምርት የሚጠበቀው ከሦስተኛው ዓመት ገደማ ጀምሮ ስለሆነ እስከዚያ የዝናብ፣ የግርዛት፣ የአበባና የለቀማ ቀኖችን በደብተር መዝግቡ። ማስፋፋት ይገባ እንደሆነ የሚነግራችሁ ይህ ደብተር ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

• ባለፉት አምስት ዓመታት በቀበሌያችሁ ክረምቱ መቼ ወጣ? በልጉስ መቼ ገባ?
• በመስከረም ብትገርዙ በጥርና በየካቲት የሚበቃ ውሃ አላችሁ?
• አንድ ጉድጓድ ለበርበሬውም ለወይኑም ባይበቃ የትኛውን ታስቀድማላችሁ? ለምን?