ተጨማሪ መረጃ፦ ባሕር የተሻገረ ትርኢትና የባለአክሲዮኑ ዕጣ
ኔትፍሊክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 የትርኢቱን መዝገብ ኢትዮጵያ ሳትቀር ከ130 ለሚበልጡ አገሮች በአንድ ቀን በከፈተ ጊዜ፣ ባለአክሲዮኖቹን ደስ ያሰኛቸው የአገሮቹ ብዛት ነበር፤ ይሁን እንጂ ልሳኑና ኑሮው ልዩ ልዩ በሆነ ሕዝብ መካከል ደንበኛ ማብዛት አንድ ነገር፣ ከደንበኛው ትርፍ ማግኘት ሌላ ነገር ነው። በሕንድ፣ በእጅ ስልክ ብቻ ለሚመለከት ሰው ወርኃዊው ዋጋ በ2021 መጨረሻ ከ199 ወደ 149 ሩፒ ዝቅ ማለቱ ይህንኑ ያስረዳል። በዚያው ዓመት በኮሪያ ልሳን የተሠራው «ስኩዊድ ጌም»፣ ኩባንያው እንደ ገለጸው፣ አንድ ወር ሳይሞላው ለ111 ሚሊዮን ደንበኞች ደርሷል፤ ዓለምን የሚያዝናና የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ብቻ ነው የሚለው የቆየ ትምክህትም ያን ጊዜ ሳይናድ አልቀረም።

አክሲዮን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ግን የሚያዝያ 2022ን ነገር ልብ ይበል። ኩባንያው በዩክሬን ጦርነት ምክንያት ከሩሲያ ሲወጣ 700,000 ደንበኞች ስለ ቀሩበት፣ በሌላው ዓለም ያገኘው 500,000 ጉድለቱን ሊሞላ አልቻለምና፣ የሩብ ዓመቱ የደንበኛ ቁጥር በ200,000 መቀነሱ ማክሰኞ ማታ ተነገረ፤ በዚያች ዕለት የ100 ዶላር አክሲዮን የነበረው ሰው ረቡዕ ማታ 65 ዶላር ገደማ ይዞ አደረ።