ተረትና እውነታ፦ ደኑን የጨረሰው ገበሬው ብቻ ነውን?

ከጋይንት ወደ እስቴ ሲሻገሩ፣ ወደ ስማዳም ሲወርዱ፣ በታረሰው ተረተር መካከል ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ከታየ ብዙ ጊዜ ከውስጡ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ ይላል። ይህ ብቻውን «ደን የሚያልቀው ሰው ሲጠጋው ነው፤ የሚተርፈው ሰው ሲርቀው ነው» የሚለውን እምነት ሊያጠራጥረን ይገባል። ጽዱና ወይራው የተረፈው ሰው በማይደርስበት ገደል ብቻ አይደለም፤ ምእመናን በየበዓሉ በሚሰበሰቡበት፣ ሕፃን በሚጠመቅበት፣ ሙት በሚቀበርበት ቅጽር ውስጥም ነው። ለዘመናት የጠበቀው ደግሞ መሣሪያ የያዘ ዘብ ሳይሆን ካህኑ፣ የአጥቢያው ሽማግሌና የግዝት ፍርሃት ነው።

ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» መጽሐፋቸው የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደን ሳይንስ ባለሙያነታቸው በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውሮፕላን ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ከቅርብ ጊዜ ምስሎች ጋር ያስተያዩ ተመራማሪዎችም የቤተ ክርስቲያን ደኖች በቦታቸው ጸንተው አግኝተዋቸዋል፤ የሳሳው በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ነው። «ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶው የአገሪቱ መሬት ደን ነበር» የሚለውን ቁጥር በተመለከተ ደግሞ የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ አስተማማኝ መሠረት እንደሌለው አሳይተዋል። ብዙ ደን መመንጠሩን አልክድም። ነገር ግን ትውልድ ሙሉ ገበሬ በዚህ ቁጥር ሲወቀስ መኖሩ ያሳዝነኛል።

እዚህ ላይ ተቃራኒው ተረት ይመጣል፦ «የቤተ ክርስቲያን ደን በእምነት ታጥሯል፤ ሌላ ጥበቃ አይሻም።» ይህም ልክ አይደለም። ግዝት ምሳርን ይከለክል ይሆናል እንጂ ከብትን አይከለክልም። ዶክተር ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው ከብት በማይገባበትና በሚገባበት ቦታ ያለውን ችግኝ ሲያነጻጽሩ፣ በታጠረው ውስጥ ያለው የተሻለ በቅሎ የተሻለ ጸድቋል። ከብት ባልተከለከለበት ደን ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው እያለ ተተኪያቸው በእግር ተረግጦ ይቀራል፤ ከሩቅ ያማረ ደን ውስጡ ያረጀ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአንዳንድ አጥቢያዎች ሕዝቡ ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ በደኑ ዙሪያ ክቧል። ካቡ ከብቱን ይመልሳል፤ ማሳውም ከድንጋይ ይጸዳል።

«ታዲያ ጉና ለምን ተራቆተ?» የሚል ጠንካራ መቃወሚያ አለ። ከ4,100 ሜትር በላይ የሚደርሰው፣ የርብና የጉማራ መነሻ የሆነው ጉና የፋርጣ፣ የላይ ጋይንትና የእስቴ ጎረቤት ነው፤ እርሻና ግጦሽም ወደ አስታውና ጅባራው ሽቅብ ወጥቷል። ሰው እዚያ የከፋ ሆኖ አይመስለኝም፤ በቅጽሩ ውስጥ ዛፍ የሚያከብረው ገበሬና ጉና ላይ የሚያርሰው ያው አንድ ነው። ልዩነቱ ቅጽሩ «ተው» የሚል የታወቀ ባለቤት ያለው መሆኑ ነው። የመንዝ ጓሳ የሣር ምድር ይህን ያስረዳል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በ«ቄሮ» ሥርዓት የአካባቢው ሰው ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ጊዜው ሲደርስ ከፍቶ ያጭድ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያፈርሰው ጓሳው ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ ተጎዳም። በኋላ ያገገመው ነዋሪው እንደገና ደንብ አውጥቶ በጋራ ሲጠብቀው ነው። ጉናም ላይ ወሰን ከማካለል ባሻገር መቼ እንደሚዘጋ፣ ማን እንደሚያጭድ፣ የማን ከብት እንደሚመለስ የፋርጣ፣ የጋይንትና የእስቴ ሽማግሌዎች አብረው ይቁረጡ።